ፕላቲፐስን ስለ ማርባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፕላቲፐስ በምሥራቅ አውስትራሊያና በታዝማኒያ ወንዞች የሚኖር፣ አፉ የዳክዬ የሚመስል፣ እንቁላል ጥሎ ግልገሉን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ስለ አያያዙ በልማድ የሚነገሩ ነገሮች አሉ፤ አምኖ የሠራባቸው ሰው እንስሳውን ይጎዳል።

«የውኃ እንስሳ ነው፤ ገንዳ ይበቃዋል።»

አይበቃውም። ምግቡን ከውኃ ያገኛል፤ የሚተኛው ግን ደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ስለዚህ ገንዳው በጠባብ መተላለፊያ ከመኝታ ሳጥን ጋር ይያያዛል። ጥበቱ ምክንያት አለው፦ እንስሳው ግድግዳውን እየታከከ ሲያልፍ ውኃው ከፀጉሩ ይጨመቃል። መተላለፊያው ሰፊ ከሆነ እንደረጠበ ይገባል፣ መኝታው ይበሰብሳል፣ እሱም ይበርደዋል። ሙቀትም ጠላቱ ነው። የሰውነቱ ሙቀት 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ሞቃት ቀን ቶሎ ያዳክመዋል፤ ክፍሉም ገንዳውም ቀዝቀዝ ማለት አለባቸው።

«ትንሽ ነው፤ ትንሽ ይበቃዋል።»

በቀን ከክብደቱ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይበላል። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝነው ከ225 እስከ 450 ግራም ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያውም ሕይወት ያለው ክሬይፊሽ (ሸርጣን መሰል የወንዝ እንስሳ)፣ የምድር ትልና የነፍሳት እጭ። ማታ የሰጡትን፣ ጠዋት የተረፈውን መመዘን ግድ ነው። የምታጠባ እናት ወደ መጨረሻው ግድም በቀን የራሷን ክብደት ያህል ልትበላ ትችላለች። የምግብ ፍላጎቷ እየጨመረ መሄዱም ጎጆው ውስጥ ግልገል እያደገ መሆኑን ያመለክታል። ያኔ ምግብ ካጠረ ወተቱም ያጥራል።

«ወንድና ሴት አብረው ከኖሩ ይራባሉ።»

ፕላቲፐስ ብቸኛ ነው። ወንዱ ሴቷን ያለ ፋታ ስለሚያሳድድ ከመራቢያ ወቅት ውጭ ለየብቻ መኖር አለባቸው። ሴቷ ጅራቷን አጥፋ እርጥብ ቅጠል ወደ ጉድጓዷ ስታጓጉዝ ከታየች እንቁላል ለመጣል እየተዘጋጀች ነውና ወንዱ ይወጣል። ለእሷ የምትቆፍረው አፈርና በቂ ቅጠል ያስፈልጋታል።

«ጎጆውን እየከፈቱ መከታተል ይሻላል።»

ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥልና 10 ቀን ገደማ ታቅፋለች፤ መተላለፊያውንም በአፈር ትደፍናለች። ደፍናዋለችና አይነካ! የጡት ጫፍ ስለሌላት ወተቱ በሆዷ ቆዳ በኩል ይወጣል፤ ግልገሎቹ ከዚያ እየላሱ 4 ወር ገደማ ጉድጓድ ውስጥ ይቆያሉ። መከታተል የሚፈልግ የበላችውን ይመዝን። አውስትራሊያዊው የእንስሳት ተመራማሪ ዴቪድ ፍሌይ በአውስትራሊያ በሚገኘው የሂልስቪል የእንስሳት ማቆያ ፕላቲፐስን ለመጀመሪያ ጊዜ ያራባው እ.ኤ.አ. በ1943/44 ነው፤ እዚያው ዳግም እስኪሳካ ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ።

«ሁሉም መርዛማ ነው፣ ሰው ይገድላል።»

መርዝ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ በኋላ እግሮቹ ቁርጭምጭሚት ላይ ባለው ሹል እሾህ ይወጋል። ሰው ባይገድልም ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን እንኳ በደንብ አያስታግሰውም። የሚያነሳው ሰው ጅራቱን ከመሃል ወደ ጫፍ ባለው በኩል ይዞ፣ ሌላ እጁን ከሆዱና ከኋላ እግሮቹ ያርቅ።