የአሜሪካ ኮሌጆች የተጠባባቂዎች ዝርዝር

የተጠባባቂዎች ዝርዝር፣ ተማሪዎች «ዌይትሊስት» የሚሉት፣ አመልካች የሚበዛባቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ብቁ ሆነው ቦታ ያልተረፈላቸውን ተማሪዎች የሚያቆዩበት አሠራር ነው። ውሳኔው በአብዛኛው በመጋቢት ወር ይደርሳል፤ ተማሪው በዝርዝሩ ለመቆየት መፈለጉን በቀነ ገደቡ ካላረጋገጠ ዕድሉ በዚያው ያበቃል።

ኮሌጁ ከተቀበላቸው ውስጥ ስንቱ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይገምታል፤ ወደ ዝርዝሩ የሚመለሰው በዋናነት የተቀበላቸው ተማሪዎች ምርጫቸውን የሚያሳውቁበት ቀን ሜይ 1 (ሚያዝያ 23) ሲያልፍ ቦታ ከጎደለ ነው። በውጤት ላይ የተመሠረተውን የአገራችንን ምደባ ለለመደ አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ቁጥር የሌለው መሆኑ ነው። የጎደለው የምህንድስና ተማሪ ከሆነ የሚጠራው የምህንድስና አመልካች ነውና «ስንተኛ ነኝ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። የኮሌጅ ቅበላ አማካሪዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2010ሮቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መረጃ፣ በዝርዝሩ ለመቆየት ከመረጡት በአማካይ 20 በመቶ ያህሉ ገብተዋል፤ እጅግ መራጭ በሆኑት ኮሌጆች ግን ቁጥሩ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። የየኮሌጁን አኃዝ ብዙዎቹ በየዓመቱ በሚያወጡት «ኮመን ዳታ ሴት» በተሰኘ ሰነድ ማየት ይቻላል።

አሠራሩ ለአሥርተ ዓመታት የቆየ ነው። በይበልጥ የተገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በሐርቫርድ የቅበላ አሠራር ላይ በተካሄደው የፍርድ ሂደት ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው በዓመት ከ50 እስከ 60 የሚሆኑ ተማሪዎችን «ዜድ ሊስት» በሚባል መንገድ አንድ ዓመት ዘግይተው እንዲገቡ እንደሚቀበል፣ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት የምሩቃኑ ልጆች እንደሆኑ በዚያ ታወቀ። በ2019 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ባደረገው ግፊት፣ የቅበላ አማካሪዎቹ ማኅበር ከሜይ 1 በኋላ ሌላ ኮሌጅ የመረጠን ተማሪ ማግባባት የሚከለክለውን ደንብ ሰረዘ፤ ይህ ዝርዝሩን ይበልጥ አንቀሳቅሶታል የሚሉ አሉ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት በርካታ ኮሌጆች የምርጫ ማሳወቂያውን ቀን ወደ ጁን 1 ሲገፉ፣ ስታንፎርድ በዝርዝሩ ከቆዩት 707 ተማሪዎች 259ኙን ተቀበለ፤ በቀደመው ዓመት የተቀበላቸው አሥር እንኳ አይሞሉም ነበር።

ተማሪው በእጁ ያለው ጥቂት ነው። ኮሌጁ ከፈቀደ፣ ፍላጎቱ እንዳልተቀየረ የሚገልጽ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደብዳቤ ይልካል፤ ደብዳቤው በማመልከቻው ያልነበረ አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ አዲስ ውጤት ወይም ሽልማት፣ ሊይዝ ይገባል። «ከተቀበላችሁኝ በእርግጥ እመጣለሁ» የሚለው ቃል ክብደት አለው፤ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ፣ ያውም እውነት ከሆነ ብቻ ይጻፋል። ተጨማሪ ሰነድ አንቀበልም ያለ ኮሌጅ ግን ቃሉ መከበር አለበት። የምሩቃን የስልክ ጥሪና የታዋቂ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ይጠቅማል ወይ በሚለው አማካሪዎች አይስማሙም፤ አመልካቹን በቅርብ የማያውቅ ሰው የጻፈው ደብዳቤ ግን ምንም አይጨምርም። በዚህ ረገድ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያሉ አማካሪዎች፣ አብዛኞቹ ያለ በቂ ረዳት የሚሠሩ፣ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት በወቅቱ አዘጋጅተው በመላክ የሚያደርጉት ድጋፍ በጽሑፍ ብዙም ያልተወሳ ትልቅ አገልግሎት ነው። በተጓዳኝ ተማሪው ከተቀበሉት ኮሌጆች በአንዱ ቦታ ማስያዣ መክፈል አለበት፤ ከዝርዝሩ ቢጠራ ይህ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

የገንዘብ ድጋፍ ሌላው ፈተና ነው። በመደበኛው ቅበላ የአመልካቹን አቅም የማይመለከቱ አንዳንድ ኮሌጆች ከዝርዝሩ ሲመርጡ ይመለከታሉ፤ ስለዚህ ጥሪው ሲመጣ ከደስታው በፊት የድጋፉ መጠን በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜም ጥቂት ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ተማሪ ደግሞ ከዚያ በኋላ ኮሌጁ ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠው «አይ ሃያ» የተባለው ቅጽ፣ 350 ዶላር የሆነው የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት ሥርዓት) ክፍያና የኤምባሲው የቪዛ ቃለ መጠይቅ አሉ፤ ጥሪው በሐምሌ ከመጣ ይህ ሁሉ ትምህርት ከሚጀመርበት የነሐሴ መጨረሻ በፊት ማለቅ አለበት፤ ካልሆነ ኮሌጁ መግቢያውን ወደሚቀጥለው ዓመት ያዛውርለት እንደሆነ ወዲያውኑ መጠየቅ ይኖርበታል።