ሰው ተዋጊ ለምን ይበዛል? የምናብ ጨዋታ ዘርና ሙያ ከጎጃም ሲታይ

ጠረጴዛ ዙሪያ አራት አምስት ሰው ይቀመጣል። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ በየገጸ ባሕርያቸው ገብተው ይናገራሉ፤ «በሩን እሰብራለሁ»፣ «ተደብቄ አልፋለሁ»። ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስነዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ተጫዋቹ ሁለት ነገር ይመርጣል። ገጸ ባሕርዩ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ሙያውስ? እኛ ባሕር ዳር ስንጫወት አንዳንዴ ምሽቱን ሙሉ የሚወስደው ይሄ ምርጫ ነው።

የዚህ ጨዋታ አባት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አወጡት። ያኔ ሙያዎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው በ1975 ተጨመረ። ሹል ጆሮ ያለው ኤልፍ ወይም አጭርና ጠንካራው ድዋርፍ መሆንም ይቻል ነበር። ነገር ግን ድዋርፍ ተዋጊ እየተጫወተ ሲያድግ ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ጣሪያ አልነበረበትም። ሕጉ ራሱ ተጫዋቹን ወደ ሰው ይገፋው ነበር ማለት ነው። ጣሪያው የተነሳው በ2000 በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ 12 ሙያና 9 ዘር፣ ማለትም የፍጡር ዓይነት፣ ይዞ መጣ።

ታዲያ ሰው የሚመርጠው ምኑን ነው? በ2017 ፋይቭሰርቲኤይት የተባለው የመረጃ ጋዜጠኝነት ድረ ገጽ የጨዋታው ገጸ ባሕርይ መፍጠሪያ ድረ ገጽ በሆነው በዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ ላይ የተፈጠሩ ገጸ ባሕርያትን ቆጥሮ ነበር። ከዘር ሰው አንደኛ ወጣ፤ ከአራት ገጸ ባሕርያት አንዱ ገደማ ሰው ነበር። ኤልፍ ሁለተኛ፣ ግማሽ ኤልፍ ሦስተኛ ሆኑ። ከሙያ ተዋጊ መራ፣ ሮግ፣ ማለትም የዱሮው ሌባ፣ ተከተለ። አስማቱን ከተፈጥሮ የሚያገኘው ድሩይድ መጨረሻ ቀረ። ሁለቱ ምርጫዎች ሲጣመሩም «ሰው ተዋጊ» ከሁሉም በዛ።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ያዝናሉ። ክንፍ፣ ቀንድና አስማት ቀርቦ ተራ ሰው ይመረጣል? እኔ ግን አይገርመኝም። ተዋጊ ለጀማሪ ቀላል ነው። ሰይፍህን መዘህ ትመታለህ። አስማተኛ ከሆንክ የድግምቶቹን ዝርዝር ማንበብ አለብህ። በአምስተኛው እትም ደግሞ አንዱ የሰው ዓይነት ገና ከመጀመሪያው ደረጃ ልዩ ችሎታ ይሰጠዋል። ይህ ለስሌተኛ ተጫዋች ትልቅ ነገር ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በነፃ የተለቀቀው መሠረታዊ ሕግ የያዘው አራት ዘርና አራት ሙያ ብቻ ነበር፤ ሰውና ተዋጊ ሁለቱም እዚያ ውስጥ አሉ። መጽሐፉን ያልገዛ ሰው በእጁ ካለው ይመርጣል። ቆጠራው የተፈጠሩትን ገጸ ባሕርያት ሁሉ እንጂ ጨዋታ ላይ የዋሉትን ብቻ እንዳልያዘም መዘንጋት የለበትም።

ቀሪዎቹ ምርጫዎች በአብዛኛው ቁጥር፣ ማለትም ፍጡሩ የሚያገኘውን የችሎታ ነጥብ፣ ይከተላሉ። ከሰውና ኦርክ ከሚባል ኃይለኛ ፍጡር የተወለደው ግማሽ ኦርክ ጉልበት ስላለው በቁጣ የሚዋጋ ባርቤሪያን ይሆናል። ቀንዳሙ ቲፍሊንግ ግርማ ሞገስ ስላለው ዋርሎክ ወደሚባለው አስማተኛ ያደላል። ከ2020 ወዲህ ግን እነዚህን ነጥቦች ማዘዋወር ስለተፈቀደ ማሰሪያው ላልቷል።

ጎጃም ውስጥ ምርጫው ሌላ ቀለም ይይዛል። የጎጃም ልጅ ቀረርቶና ፉከራ እየሰማ ነው የሚያድገው። የበላይ ዘለቀን ስም የማያውቅ የለም። ጠመንጃና ልብ ብቻ ይዞ ጣሊያንን የታገለ ሰው ከልጅነቱ ሲወደስለት የኖረ ተጫዋች፣ ሰው ተዋጊ ቢመርጥ ምናብ አነሰው አይባልም። «ሙያ» የሚለው ቃልም ያግዛል። በአባቶቻችን አነጋገር ሙያ የጦር ሜዳ ጀብዱም ነው፤ «ሙያ በልብ ነው» እንዲሉ።

አስማተኞቹ ላይ ስንደርስ ቋንቋው ይፈትነናል። ጨዋታው ሦስቱን ይለያል። ዊዛርድ በትምህርት ያገኘዋል፣ ሶርሰረር ይዞት ይወለዳል፣ ዋርሎክ ከአንድ ኃያል ፍጡር ጋር ውል ይገባል። ሁሉንም «ጠንቋይ» ብለን ብንተረጉም ልዩነቱ ይጠፋል። እዚህ ግን ማስረዳት አይከብድም። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ ትምህርት አገር ዓመታት ቁጭ ብሎ የሚማር ሰው ምን እንደሚመስል ይታወቃል። ክታብ የሚጽፈው ደብተራ ወሬም ከቤት ቤት ይዞራል። ስለዚህ ዊዛርድ ደብተራውን ያስታውሳል፤ ዋርሎክ ደግሞ ጋኔን ሳቢ የሚባለውን። ባርድ የሚባለው ሙያም አዝማሪ ነው ሲባል ማንም ይገባዋል። አዝማሪ ከጦሩ ጋር ዘምቶ በማሲንቆው ተዋጊ ያደፋፍር ነበር፤ የባርድ ዋና ሥራም ጓደኞቹን ማደፋፈር ነው። ድሩይድ እንኳ በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከሚኖር ባሕታዊ አንፃር ሲነገር ይቀርባል።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ድዋርፍ ነው። በጨዋታው ድዋርፍ ብረት ሠሪ ነው፣ በዚህም ይከበራል። በእኛ አገር ግን ማረሻውንና ማጭዱን የሚሠራልን ቀጥቃጭ «ቡዳ» እየተባለ ሲገፋ ኖሯል። ጋብቻ ተከልክሏል። ድዋርፍ አንጥረኛ ሆኖ የሚጫወት ሰው አጠገብ ስቀመጥ ያ በደል ይታየኛል። ይህን ምርጫ አብዝቼ ባይ ደስ ይለኛል።

«ዘር» የሚለውን ቃል ራሱን ጠረጴዛችን ላይ ትተነዋል። ዛሬ በአገራችን ቃሉ ከባድ ነው። ሰው ሊዝናና መጥቶ «ዘርህ ምንድን ነው?» መባል የለበትም። «ፍጡርህ ምንድን ነው?» እንላለን። አሳታሚው ድርጅትም በ2024ቱ እትም የዱሮውን ቃል ትቶ ፍጥረታዊ ዝርያን ወደሚገልጽ ቃል ዞሯል። በዚያው እትም ዋና መጽሐፍ ውስጥ ኦርክ፣ ግዙፉ ጎልያድና የመልአክ ወገን የሆነው አሲማር ገብተው ፍጡራኑ 10 ሆነዋል። በ2017ቱ ቆጠራ ሦስተኛ የነበረው ግማሽ ኤልፍ ግን ከዝርዝሩ ወጥቷል።