የአየር ንብረት ለውጥ በመጤ አረም ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ ምንድን ነው?

ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር መጤ አረምን በተፈጥሮ ጠላቱ ማዳከም ነው። አረም ወደ አዲስ አገር ሲገባ የሚበሉት ነፍሳትና የሚያጠቁት ፈንገሶች በትውልድ ቦታው ይቀራሉ፤ ባለሙያዎች ጠላቱን ከዚያ ያመጡና ሌላ ተክል እንደማይጎዳ በኳራንቲን ፈትነው ይለቁታል። እንቦጭን የሚያጠቁት ሁለቱ የኒዮኬቲና ጢንዚዛዎች ከደቡብ አሜሪካ፣ ፓርቴኒየም የተባለውን አረም የሚበላው ዚጎግራማ የተባለ ጢንዚዛ ከሜክሲኮ የመጡት በዚህ መንገድ ነው።

የአየር ንብረት ሲለወጥ አረሙና ጠላቱ እኩል አይለወጡም፤ ጣጣው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ነፍሳት የሚያድጉበትን ፍጥነት የሚወስነው በዙሪያቸው ያለው ሙቀት ነው። በመጠኑ ሲሞቅ በዓመት የሚፈለፈለው ትውልድ ይጨምራል፤ አረሙም የበለጠ ይበላል። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይቀራል፤ አረሙ ግን ሙቀቱን ተቋቁሞ ያድጋል።

ጥሩ ማሳያ አሊጌተር ዊድ የተባለው የውሃ አረም ነው። ጠላቱ አጋሲክለስ የተባለ ትንሽ ጢንዚዛ ብርድ አይችልም፤ አረሙ ግን መሬት ውስጥ ባለው ክፍሉ ብርዱን ያሳልፋል። ቻይና ውስጥ እንደታየው፣ ሙቀት ሲጨምር አረሙ ወደ ሰሜን የሚስፋፋው ከጢንዚዛው ቀድሞ ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ በየዓመቱ በብርድ ይሞት የነበረ የአረሙ ዘመድ፣ አገር በቀል ተክል፣ ብርዱ ሲላላ ከዓመት ወደ ዓመት መዝለቅ ጀመረ፤ ጢንዚዛውም ያገኘዋል፣ ይበላዋል። ስለዚህ የደኅንነት ፈተናው መጪውን ሙቀትም ማካተት አለበት።

ካርቦን ዳይኦክሳይድም በአየር ውስጥ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 280 ገደማ ነበር፤ አሁን ከ420 አልፏል። በዚህ አየር ያደገ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ናይትሮጅኑ ያንሳል። የነፍሳቱ እጭ (ከእንቁላል የተፈለፈለው ትል) ለመጥገብ አብዝቶ ይበላል፣ ዕድገቱ ግን ይዘገያል፤ አረሙ ደግሞ የተበላውን ቶሎ ይተካል።

ዝናብ ሲዛባ የአረሙና የጠላቱ ቀጠሮ ይፋለሳል። ዚጎግራማ ደረቁን ጊዜ አፈር ውስጥ አድፍጦ ያሳልፍና ዝናብ ሲጥል ይወጣል። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ከተቋረጠ፣ የበቀለው ፓርቴኒየም ደርቆበት ይራባል። ፓርቴኒየምን የሚያጠቃው አንደኛው ዋግ (የፈንገስ በሽታ) ደግሞ ቀዝቃዛ አየርና ጤዛ ይፈልጋል፤ በሞቃትና ደረቅ ቦታ ከእሱ ብዙ መጠበቅ አይገባም።

በተግባር የሚደረገው ይህ ነው። ነፍሳቱ የሚለቀቁበትን ቦታ ክላይሜክስን በመሰለ፣ አየሩ ለነፍሳቱ መስማማቱን በሚገምት ሶፍትዌር ሲመርጡ ያለፈውን የአየር መረጃ ብቻ ሳይሆን የመጪውንም ትንበያ ይጠቀሙ። ነፍሳቱን ከትውልድ አካባቢያቸው ሞቃትና ደረቅ ጠርዝ ይሰብስቡ፤ ከጥቂት ወላጆች የተራባ መንጋ ለውጥን የመቋቋም አቅሙ ደካማ ነው። ቅጠል በሊታውን ግንድ ውስጥ ከሚኖር ጋር ያጣምሩ፤ ለምሳሌ ሊስትሮኖተስ የተባለው ጢንዚዛ እጭ በፓርቴኒየም ግንድ ውስጥ ስለሚኖር ድርቅን የተሻለ ይቋቋማል። ከተለቀቁ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ በተመሳሳይ ተክሎች ላይ እንቁላሉን፣ እጩንና ጢንዚዛውን ለየብቻ ይቁጠሩ፤ የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀትም አብረው ይመዝግቡ። እንቁላል በዝቶ እጭ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚፈተሸው በእነዚያ ቀናት የነበረው ሙቀት ነው።