በአዲስ አበባ ዳርቻ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሙዚቃ ትምህርት

በአዲስ አበባ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙዚቃ ራሱን ችሎ አይሰጥም፤ ከሥዕል፣ ከቴአትርና ከውዝዋዜ ጋር ተጣምሮ «ክወናና ዕይታ ጥበባት» በሚል ስም ይሰጣል። ይህ አደረጃጀት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከዋለው ሥርዓተ ትምህርት ጋር የመጣ ሲሆን፣ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ እስከ 8ኛ ክፍል ይዘልቅ የነበረው አንደኛ ደረጃም በ6ኛ ክፍል እንዲያበቃ ተደርጓል። በከተማዋ ጠርዝ ያሉት የቱሉ ዲምቱ፣ የቦሌ አራብሳና የየካ አባዶ ሰፈሮች ልጆች የሚማሩትም በዚሁ ሥርዓት ነው።

እነዚህ የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ከመሃል ከተማ የተነሡና ከየክልሉ የመጡ ቤተሰቦች የተቀላቀሉባቸው በመሆናቸው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መዝሙር ከሰንበት ትምህርት ቤት የለመደ፣ መንዙማ ከቤቱ የሰማና በአፋን ኦሮሞ የሚዘፍን ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የዳርቻው የሙዚቃ ክፍል ትልቁ ሀብት ይህ ነው፤ ከመሣሪያ እጥረቱ ይልቅ ሊወራለት የሚገባውም ይኸው ይመስለኛል።

ትምህርት የሚከፈትበት ወቅትም ለመምህሩ ያግዛል። ወንዶቹ ነሐሴ 13 ቀን ለሚከበረው ቡሄ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ደጅ ለደጅ ዞረው፣ ሴቶቹ በአዲስ ዓመት «አበባየሆሽ» ዘፍነው ስለሚመጡ፣ ዜማው ገና ከጉሮሯቸው አልወጣም። በቡሄ ጭፈራ አንዱ አውጪ፣ ሌሎቹ ተቀባይ ናቸው፤ ምቱም መሬት በሚመታው ዱላ ይጠበቃል። ጥሩ መምህር ዱላውን አስቀምጦ የክፍሉን እኩሌታ ምቱን በእግሩ እንዲረግጥ፣ የቀረውን በእያንዳንዱ ርግጫ ሁለት ጊዜ እንዲያጨበጭብ ያደርጋል፤ ሩብ ኖታ (ርግጫው) እና የእሱ እኩሌታ የሆነው ስምንተኛ ኖታ (ጭብጨባው) በሰሌዳ ላይ ከመሣላቸው በፊት በልጆቹ እጅና እግር ይታወቃሉ። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጽሑፍ መሄድ ቀላል ነው፤ ከጽሑፉ መጀመር ግን ልጁን የማያውቀውን ምልክት እንዲገለብጥ ብቻ ያደርገዋል።

ቅኝትም፣ ማለትም ዜማ የሚመሠረትበት የድምፆች ስብስብ፣ በዚሁ መንገድ ይቀርባል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ማለት የለመደ ተማሪ ፋንና ሲን ዘልሎ የቀሩትን አምስት ድምፆች ቢያዜም፣ ሜጀር ተብሎ በሚታወቀው የትዝታ ቅኝት ላይ ይደርሳል። ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ይህን በጆሮ ለመለየት ጊዜ ስለሚጠይቅ ለታችኞቹ ክፍሎች ትዝታ ይበቃል።

ከባህል መሣሪያዎች ለክፍል የሚስማማው ክራር ነው። አምስት ወይም ስድስት ክሮቹ የቅኝቱን ድምፆች አንድ በአንድ ስለሚይዙ ልጁ የሚሰማውን በዓይኑ ያያል፤ በማሲንቆ ግን አንዱ ክር ሁሉንም ድምፅ ስለሚያወጣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ጆሮ መፈለግ አለበት። ክራር ሳይቃኝ ከተመታ የተሳሳተ ዜማ ያስለምዳልና፣ መምህሩ ደወል ከመደወሉ በፊት ከቀንበሩ ላይ ክሮቹን አጥብቆና አላልቶ መጨረስ ይኖርበታል።

በሙያው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያሉበት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በመሃል ከተማ ይገኛል፤ ዳር ያለውን ክፍል የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ሥዕሉንም ቴአትሩንም አብሮ የሚያስተምር መምህር ነው። ፈተና ሲቃረብ ክፍለ ጊዜው ለሂሳብ ሲሰጥ ማየትም የተለመደ ነው፤ ይህ ልጆቹን የሚጎዳ ልማድ ነው። ከበሮ በሌለበት ባዶ ጀሪካን ይተካል፤ ሰፊው ጎኑ በመዳፍ ሲመታ ወፍራም፣ እጀታው አጠገብ በጣት ሲመታ ቀጭን ድምፅ ስለሚሰጥ፣ የከበሮን ሰፊና ጠባብ አፍ ልዩነት በሚገባ ያሰማል።