አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ፣ አባ ነፍሶ፦ ስለ ፈረስ ስም በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

ሁለተኛ ማንነት ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ጭምብል አጥልቆ ራሱን የሚደብቅ የፊልም ጀግና ነው። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ሁለተኛ ማንነት አለ፤ የፈረስ ስም። ሁላችንም እንጠራዋለን፣ ብዙ ጊዜ ግን አሳስተን ነው የምንረዳው።

«ያው ቅጽል ስም ነው»
አይደለም። ቅጽል ስም ሰው ያወጣልሃል፣ ብትጠላውም ይለጠፍብሃል። የፈረስ ስም ግን መነሻው ፈረሱ ነው። ዳኘው የአጼ ምኒልክ ፈረስ ነው፤ አባ ዳኘው ደግሞ ዳኘው ላይ የተቀመጡት ምኒልክ ናቸው። ታጠቅ የቴዎድሮስ፣ በዝብዝ የዮሐንስ አራተኛ፣ ጠቅል የኃይለ ሥላሴ ነበር። ስሞቹን ልብ ብላችሁ ስሟቸው፤ ታጠቅ! በዝብዝ! ጠቅል! ትእዛዝ ናቸው። ጀግናው ሲፎክር የሚያነሳውም ይህንኑ ስም ነው። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚዳኘው ሰውና ጦር ሜዳ የሚገባው ሰው አንድ ቢሆኑም፣ ለሁለተኛው የራሱ ስም ተሰጠው። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። የሚደበቅ ማንነት አይደለም፣ ሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ የሚነገር ነው።

«በዝብዝ ስድብ ነው»
ዛሬ ቃሉን የምንሰማው ከሙስና ጋር ስለሆነ እንዲህ ይመስለናል። ያኔ ግን የጠላትን ሰፈር መበዝበዝ የድል ምልክት ነበር።

«አባ ካለ መነኩሴ ነው»
እዚህ ላይ አባ ማለት የፈረሱ ጌታ ነው። አባ መላ የሚባሉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ነበሩ እንጂ ገዳም አልገቡም።

«የነገሥታት ብቻ ነው»
አባ ነጋ የገበሬ ልጅ ነው፤ ራስ አሉላ። የአድዋው መድፈኛ ባልቻ ሳፎም አባ ነፍሶ ነው።

«የሰሜን ባህል ነው»
ይሄኛው ትልቅ ስህተት ነው። በኦሮሞ ዘንድ የፈረስ ስም ሥር የሰደደ ባህል ነው። የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርና የሊሙ እናሪያው አባ ቦጊቦ በታሪክ የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነው። የተወለዱበትን ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ከፈረሱና ከጌታው ጋር ይሞታል»
የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው ይባል ነበር። ራስ መኮንን በ1898 ዓ.ም. አረፉ። ልጃቸው አጼ ኃይለ ሥላሴ ግን በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የላኩትን ሻለቃ ጦር ቃኘው አሉት። አስመራ የነበረው የአሜሪካ ጦር የመገናኛ ጣቢያም ቃኘው ስቴሽን ተባለ።