ሪትራክሽን ምንድን ነው? ፔፐር ተነሳ ማለት ሰው ተፈረደበት ማለት አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንድ ፔፐር ሪትራክት ተደረገ ተብሎ ወሬው ሲዞር ነበር፣ ከስሩ አንዱ አስተያየት ሰጪ «ሪትራክት ተደረገ ማለት እኮ አጭበርብረዋል ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም» ብሎ ጻፈ፣ ሰውም እየተቀባበለ ልክ ነው ልክ ነው አለ። ኖቲሱን፣ ማለትም ጆርናሉ ያወጣውን ማስታወቂያ፣ ከፍቼ አነበብኩት። የሚለው፣ ትንተናው ላይ የኮድ ስህተት ተገኘ፣ ስህተቱን ያገኙት ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ናቸው፣ ይነሳልን ብለው ለኤዲተሩ የጻፉትም እነሱ ናቸው። ማለትም ሰዎቹ ከተመራማሪ የሚጠበቀውን ከባዱን ነገር አደረጉ፣ ያገኙት ምላሽ ግን አጭበርባሪ የሚል ስም ነው። እንዲህ አይነቱን ስንቴ እያየሁ አልፌዋለሁ፣ አሁን ግን አልቻልኩም።

ጆርናል እንዴት እንደሚሰራ፣ ፒር ሪቪው (ፔፐር ከመታተሙ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች የሚገመግሙት) ምን እንደሆነ በዝርዝር አልገባበትም፣ ይሄን ርዕስ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ያውቀዋል። ቀጥታ ወደ ነገሩ ልሂድ።

ሪትራክሽን ማለት ጆርናሉ «እዚህ ፔፐር ውስጥ ያለው ግኝት አይታመንም፣ ከእንግዲህ እንደ ማስረጃ አትያዙት» ብሎ በይፋ የሚያወጣው ማስታወቂያ ነው። በቃ ይሄ ነው። የሚናገረው ስለ ፔፐሩ ነው እንጂ ስለ ሰውዬው አይደለም። ኮፕ የሚባል የሕትመት ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፣ በ1997 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እንግሊዝ አገር የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ተሰባስበው ያቋቋሙት፣ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎች መመሪያውን ይከተላሉ። የኮፕ የሪትራክሽን መመሪያ ዓላማውን ሲያስቀምጥ የታተመውን እውቀት ማረም ነው፣ ጸሐፊዎችን መቅጣት አይደለም ይላል። ምክንያት ብሎ ከሚጠቅሳቸው ውስጥ ከባድ የስሌት ወይም የሙከራ ስህተት አለ፣ የተፈበረከ ዳታ አለ፣ የሰው ስራ መቅዳት አለ፣ አንዱን ስራ ሁለት ቦታ ማሳተም አለ፣ ሥነ ምግባሩን ያልጠበቀ ጥናት አለ፣ የተበላሸ ፒር ሪቪው አለ። ልብ በሉ፣ የዋህ ስህተትና ዓይን ያወጣ ፈጠራ ጎን ለጎን ነው የተቀመጡት፣ ይሄ ደግሞ ሆን ተብሎ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማሳየት ድልድይ አስቡ። አንድ ድልድይ መኪና እንደማይችል ሲታወቅ መግቢያው ላይ «አትሻገሩ» የሚል ምልክት ይተከላል። ኢንጂነሩ ሲሚንቶ ሰርቆ ይሁን፣ ሂሳብ ተሳስቶ ይሁን፣ ወይ የተሰጠው የአፈር ምርመራ የተሳሳተ ሆኖ ይሁን ምልክቱ አንድ ነው፣ ምክንያቱም ለሚሻገረው ሰው አደጋው አንድ ነው። ኢንጂነሩን የሚመረምር ሌላ አካል አለ፣ የራሱ ማስረጃ፣ የራሱ ጊዜ፣ የራሱ ይግባኝ ያለው። ምልክቱን ለመትከል የዛን ምርመራ ማለቅ ከጠበቅን ግን እስከዛ ሰው ይሻገራል። ድልድዩን ደግሞ ወዲያው አናፈርሰውም፣ ምን እንደተበላሸ የሚያጠናው ሰው ሄዶ ማየት አለበት፣ ስለዚህ ሪትራክት የተደረገ ፔፐርም ከድረ ገጹ አይጠፋም፣ ላዩ ላይ ተጽፎበት እዛው ይቆያል። («ደብቀው አጠፉት» የሚለው ክስ በአብዛኛው ከዚህ አለማወቅ ነው የሚመጣው፤ ሙሉ በሙሉ ማንሳት የሚባል ነገር አለ፣ ግን የሕግ ጉዳይ ወይም የሰው ጤና ላይ አደጋ ሲኖር ምናምን ነው፣ ብርቅ ነው።) ምልክቱ መንገዱ ላይ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ፋይል ላይ ቢለጠፍ ደግሞ ምንም አይጠቅምም፣ የኛም አንዱ ችግር ይሄ ነው፣ ሰው ከሦስት ዓመት በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ያወረደው ፒዲኤፍ ስለ ሪትራክሽኑ ምንም አይነግረውም።

አሁን ወደ እውነተኛ ታሪኮች። በ2018 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመችው ፍራንሲስ አርኖልድ በ2019 ሳይንስ የሚባለው ጆርናል ላይ ከቡድኗ ጋር ያወጣችው የኤንዛይም ፔፐር ነበር። ስራውን ለመድገም ሲሞከር ኤንዛይሞቹ የተባለውን ያህል አልሰሩም፣ የላብ ማስታወሻው ሲታይ ደግሞ ለዋና ዋናዎቹ ሙከራዎች በጊዜው የተመዘገበ ነገርና ጥሬ ዳታ ጎድሎ ተገኘ። ጃንዋሪ 2020 ላይ ሪትራክት ተደረገ፣ እሷም ራሷ በይፋ ለሰው ነግራ ይቅርታ ጠየቀች። ይሄንንና ሐሰተኛ ታካሚ የፈጠረን ሰው በአንድ ቃል ልንጠራቸው ነው?

ከባዱን ምሳሌ ውሰዱ ደግሞ። አንድሪው ዌክፊልድ በ1998 ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ በ12 ሕጻናት ላይ ተሰራ ብሎ ያወጣው፣ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው ፔፐር፣ በ2010 ነው ሪትራክት የተደረገው። ሁሉም ሰው የማጭበርበር ምሳሌ አድርጎ ያነሳዋል። ግን የላንሴትን ኖቲስ ያነበበው ስንት ሰው ነው? ኖቲሱ የሚለው ሕጻናቱ በተከታታይ የመጡ ናቸው የተባለውና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዷል የተባለው ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ፔፐሩን እናነሳለን ነው። ሰውዬው ላይ የፈረደው የእንግሊዝ የሐኪሞች ተቆጣጣሪ ምክር ቤት ነው፣ ከሪትራክሽኑ በኋላ በዛው ዓመት ከሐኪሞች መዝገብ ሰረዘው። ፈጠራ ነው፣ ማጭበርበር ነው ብሎ በግልጽ የጻፈው ደግሞ ሌላ ጆርናል ነው፣ ቢኤምጄ፣ በ2011። ሦስት የተለያየ ስራ ነው፣ ሦስት የተለያየ አካል የሰራው።

እዚህ ጋ ያ አስተያየት ሰጪ መልስ ይኖረዋል፣ አውቀዋለሁ፣ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ፦ «ቁጥሩ እኮ የሚያሳየው አብዛኛው ማጭበርበር እንደሆነ ነው።» ልክ ነው፣ አለ እንዲህ አይነት ጥናት። በ2012 ፒኤንኤኤስ የሚባለው ጆርናል ላይ የወጣ፣ ፐብሜድ የሚባለው የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ ላይ ያሉ 2,047 ሪትራክት የተደረጉ የባዮሜዲካልና የላይፍ ሳይንስ ፔፐሮችን ያየ፣ 67.4 በመቶው ከጥፋት ጋር የተያያዘ ነው ይላል፣ ማለትም ማጭበርበርና የማጭበርበር ጥርጣሬ፣ ድርብ ሕትመት፣ የሰው ስራ መቅዳት ተደምሮ። ስህተት የተባለው 21.3 በመቶ ነው። ይሄን አልክድም። ግን 21 በመቶ ማለት ከአምስት አንዱ ማለት ነው፣ አምስት ሰው አሰልፈህ አብዛኞቹ ጥፋተኛ ናቸው ብለህ ያልበደለውን አብረህ አትቀጣም። ደግሞ ምክንያቱ ኖቲሱ ላይ ተጽፎ እያለ ለምን በአማካይ ትገምታለህ? ክፈትና አንብብ።

የሙያዬን ነገር ሳልል አላልፍም። እኔ ከክሊኒካል ትራያል (ሰው ላይ ከሚደረግ የሕክምና ሙከራ) ዳታ ጋር ነው የምውለው፣ እዛ ደግሞ ጆን ካርላይል የሚባል እንግሊዛዊ የማደንዘዣ ሐኪም የተጠቀመበት ስሌት አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሰዎች በዕጣ ከተመደቡ የሁለቱ ቡድኖች መነሻ ቁጥሮች፣ ዕድሜ፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ በአጋጣሚ ያህል ነው የሚለያዩት፣ ከአጋጣሚ በላይ ከተመሳሰሉ ወይም ከተለያዩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ ስሌት የጃፓኑን የማደንዘዣ ተመራማሪ የዮሺታካ ፉጂን ስራዎች በ2012 ፈተሻቸው፣ ቁጥሮቹ በአጋጣሚ ሊመጡ የማይችሉ ነበሩ፣ ሰውዬው በመጨረሻ ከ170 በላይ ፔፐር ሪትራክት ተደርጎበታል፣ ፈጠራ ነበር። ያው ስሌት በ2017 ከ5,000 በላይ ትራያሎች ላይ ሲሰራ ፕሬዲሜድ የሚባለውን የስፔን ጥናትም አወጣው፣ 7,447 ሰው ላይ የሜዲትራኒያን አመጋገብን ያጠና፣ በ2013 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የታተመ፣ በጣም ታዋቂ ጥናት። ሲመረመር የተገኘው ምንድን ነው፣ የአንድ ቤት ሰዎች ለየብቻ ዕጣ ሳይወጣላቸው አንድ ቡድን ውስጥ ተደርገዋል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሰው በሰው ሳይሆን ክሊኒኩ እንዳለ ነው የተመደበው። የአሠራር ስህተት። ተመራማሪዎቹ እንደገና ተነተኑት፣ በጁን 2018 የድሮው ተነሳ፣ የታረመው ድምዳሜው ለስለስ ብሎ እዛው ጆርናል ላይ ወጣ። ያው አንድ ስሌት ነው አንዴ ፈጠራ አንዴ የዋህ ስህተት ያጋለጠው። ቁጥሩ የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይነግርሃል፣ የሰውን ሐሳብ ግን አይነግርህም፣ እሱን ለማወቅ የላብ ማስታወሻ፣ ጥሬ ዳታ፣ ኢሜይል፣ የባልደረባ ምስክርነት ያስፈልጋል፣ ኤዲተር ደግሞ ይሄ ሁሉ በእጁ የለም። ያለው ቀጣሪው ዩኒቨርሲቲ ወይ ሆስፒታል ጋ ነው። ለዚህ ነው ኤዲተሩ ጥያቄውን ወደ ተቋሙ የሚመራው፣ መልሱ ከዘገየ ደግሞ የስጋት ማስታወቂያ የሚባለውን (ጥያቄ ተነስቶበታል፣ እየተጣራ ነው የሚለውን) ቀድሞ ፔፐሩ ላይ የሚለጥፈው።

ይሄን በደንብ የሚያሳየው የሂንዳዊ ጉዳይ ነው። በ2023 በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ፔፐር ሪትራክት ተደርጓል፣ ከ8,000 በላይ የሚሆነው ዊሊ ከገዛው ከሂንዳዊ ጆርናሎች ነው፣ በልዩ እትሞቻቸው ላይ ፒር ሪቪው በተደራጀ መንገድ ተበላሽቶ ስለተገኘ። ብዙዎቹ ኖቲሶች ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ታውቃላችሁ? ይሄ ማስታወቂያ ይዘቱ እንደማይታመን ለአንባቢ ለማሳወቅ ብቻ ነው፣ ጸሐፊዎቹ ነገሩን ያውቁ እንደሆነ ወይም እጃቸው ይኑርበት አልመረመርንም። ቃል በቃል ባይሆንም ይሄንኑ ነው የሚለው። ሰው ግን ዝርዝሩን ወስዶ በስም እየለየ አጭበርባሪ ብሎ ሲለጥፍ ከረመ። ከነሱ ውስጥ ሌላ ሰው የጻፈውን ፔፐር በገንዘብ የገዛ የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ፣ በደንብ አለ፣ ግን ማን እንደሆነ ኖቲሱ አልነገረህም።

ኤዲተሮችንም ነጻ ላውጣ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ሰው እንዲህ እንዲገምት ካደረጉት ነገሮች ትልቁ የራሳቸው የኤዲተሮች ፍርሃት ነው። መመሪያው ኖቲሱ በነጻ ይነበብ፣ ከፔፐሩ ጋር ይያያዝ፣ ማን እንዳነሳውና ለምን እንደተነሳ በግልጽ ይናገር ይላል። በተግባር ግን «በጸሐፊዎቹ ጥያቄ ተነስቷል» የሚል አንድ መስመር ይወጣል፣ ጠበቃ ፈርተው። ያ የ2012ቱ ጥናት ራሱ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ስህተት ተብለው የተመዘገቡ አንዳንድ ሪትራክሽኖች ከሌላ ምንጭ ሲጣሩ ማጭበርበር ሆነው መገኘታቸው ነው። አያችሁ፣ የተድበሰበሰ ኖቲስ አጭበርባሪውን ይሸፍናል፣ በቅንነት የተሳሳተውን ደግሞ ያስጠረጥራል፣ ሁለቱንም ይጎዳል። ፍጥነቱም ወጥ አይደለም። የዌክፊልድ 12 ዓመት ፈጅቷል፣ ሰርጂስፌር የሚባለው ድርጅት ዳታ ላይ የተመሰረተው፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚባለውን መድኃኒት ለኮቪድ ያየው ፔፐር ግን ሜይ 22፣ 2020 ላንሴት ላይ ወጥቶ ጁን 4 ተነሳ፣ ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም። ያነሱት ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱ ናቸው፣ ምክንያቱም ዳታውን ገለልተኛ ሰው እንዲያየው ማድረግ አልቻሉም። ለማንሳት ያ በቂ ነበር። ዳታው ከየት መጣ የሚለው እስኪጣራ አልተጠበቀም።

ብዙ ሪትራክት ያደረገ ጆርናል መጥፎ ጆርናል ነው የሚለውንም በአጭሩ ልመልስ፦ አይደለም፣ ምንም ሪትራክት ያላደረገ ጆርናል ቅሬታ ሲመጣለት የማይከፍት ሊሆን ይችላል። ሪትራክት አልተደረገም ስለዚህ ልክ ነው የሚለውም ያው ነው።

የሚያሳስበኝ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስህተቱን ማታ ላይ ብቻውን ያገኘው ተመራማሪ ነው። ኮዱን ሲያይ አንድ መስመር ተሳስቷል፣ ውጤቱ ተገልብጧል፣ ከሱ ሌላ ማንም አያውቅም። ለኤዲተሩ ልጻፍ ወይስ ዝም ልበል ብሎ ሲያስብ እነዚህን አስተያየቶች ነው የሚያስታውሰው። ሪትራክሽንን የውርደት ማህተም ባደረግነው ቁጥር እንዲህ አይነቱ ሰው ዝም ይላል፣ የተሳሳተው ፔፐርም መጠቀሱን ይቀጥላል።

ሲቀጥል ምን እንደሚያደርግ በኔው መስክ ልንገራችሁ። ዮአኪም ቦልት የሚባል ጀርመናዊ የማደንዘዣ ሐኪም ነበር፣ በ2011 ብዙ ፔፐሮቹ በአንዴ ሲነሱ የተሰጠው ምክንያት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የላቸውም የሚል ነበር፣ ስለ ዳታው ፈጠራ ኖቲሱ አልፈረደም። በጠና ለታመሙ ሰዎች በደም ስር የሚሰጥ ሃይድሮክሲኤቲል ስታርች የሚባል ፈሳሽ ላይ የተሰሩ ትራያሎች ከነሱ ውስጥ ነበሩ። በ2013 ጃማ የሚባለው ጆርናል ላይ የወጣ ሜታ አናሊሲስ (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ የሚያይ ጥናት) የሱን ሰባት ትራያሎች አውጥቶ ሲደምር ፈሳሹ ሞትንና የኩላሊት ድካምን እንደሚጨምር ታየ፣ እነሱ አብረው ሲደመሩ ግን የሞቱ ጉዳይ በግልጽ አይታይም ነበር። ስለዚህ ሲስተማቲክ ሪቪው (በአንድ ጥያቄ ላይ ያሉ ጥናቶችን ሰብስቦ መገምገም) የምትሰሩ ልጆች፣ ዞቴሮ የሚባለው የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ሪትራክት የተደረገን ፔፐር በቀይ ያሳያችኋል፣ የተነሱ ፔፐሮችን የሚመዘግበው የሪትራክሽን ዋች ዳታቤዝም ከ2023 ጀምሮ ክሮስሬፍ በሚባል ድርጅት በኩል ለማንም ክፍት ነው፣ ስትጀምሩ አንዴ ብቻ አትፈትሹ፣ ልታስገቡ ስትሉም እንደገና ፈትሹ፣ መሐል ላይ ሊነሳ ይችላል። የተነሳ ካገኛችሁ ኖቲሱን አንብባችሁ ምክንያቱን እንዳለ ጻፉ፣ ምክንያት ካልተሰጠ «ምክንያቱ አልተገለጸም» ብላችሁ ጻፉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩበት።