ፕሮድሮም ምንድን ነው? "ልጁ ተቀየረብን" የሚባልበት ጊዜ

ፕሮድሮም ማለት ሳይኮሲስ በግልፅ ከመጀመሩ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ሳይኮሲስ ደግሞ ሰው ሌላው ማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፣ ወይም የሌለን ነገር አለ ብሎ ድርቅ ሲል፣ ባጭሩ እውነታው ሲምታታበት ነው። ፕሮድሮም ሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ወራትም ይሆናል፣ አንዳንዱ ላይ አመታት ይቆያል። በዚ ጊዜ ልጁ ላይ "አመመው" ሚያስብል ነገር አይታይም፣ ቤተሰቡ "ልጁ ተቀየረብን፣ ምን እንደነካው አላወቅንም" ነው ሚለው፣ እና እውነቱን ለመናገር ከዚች የተሻለ ገለፃ ማግኘት ይከብዳል።

ብዙ ጊዜ ሚመጣው በአስራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ሴቶች ላይ ትንሽ ዘግየት ሊል ይችላል። ነገሩን ሚያወሳስበውም እድሜው ነው፣ ጤነኛ ጎረምሳም እኮ በሩን ዘግቶ ይውላል፣ ይነጫነጫል፣ ቤተሰብ ይደብረዋል፣ ሌሊቱን ስልክ ላይ አንግቶ ጠዋት አልነሳም ይላል። ታዲያ በምን ይለያል? ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር አስተያዩት፣ የዛሬ አመት ከነበረው ከራሱ ጋር። ድሮም ዝምተኛ የነበረ ዝም ቢል አዲስ ነገር የለውም። ሲቀልድ ሲጫወት የነበረ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ የቅርብ ጓደኛው ሲደውል ማያነሳ፣ ገላውን መታጠብ የተወ፣ ሲያዝንም ሲደሰትም ፊቱ ማይለወጥ ከሆነ ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ጎረምሳ ከቤተሰብ ሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ ወደ እኩዮቹ ለመሄድ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ልጁ ከእኩዮቹም ይሸሻል።

ትምህርት ላይ ቀድሞ ይታያል። ደብተሩን ገልጣችሁ ብታዩት የሴሚስተሩ መጀመሪያ ላይ በስርአት የተፃፈ ኖት አለ፣ ከዛ አረፍተ ነገሮች መሀል ላይ ተቋርጠው ይቀራሉ፣ ከዛ ቀን ብቻ የተፃፈበት ባዶ ገፅ ይመጣል። ሰንፎ ላይሆን ይችላል፣ አንድ ገፅ አምስቴ አንብቦ ምንም አልገባ ብሎት ሊሆን ይችላል። እንቅልፍ ይገለበጣል፣ ድምፅና መብራት ይረብሸዋል፣ ሰዎች ሲስቁ በሱ የሳቁ ይመስለዋል፣ አንዳንዴ ማንም ሳይጠራው ስሙ የተጠራ ይመስለዋል። ልብ በሉ፣ እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ጥርጣሬ አለ፣ "ካሜራው የሚያየኝ ይመስለኛል፣ ግን ደሞ እኔ ነኝ እንዴ የተሳሳትኩት?" ይላል። ያቺ ጥርጣሬ ስትጠፋና እርግጠኛ ሲሆን ነው ወደ ሳይኮሲስ የገባው ሚባለው።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፣ ፕሮድሮም በትክክል ሚታወቀው ወደኋላ ሲታይ ነው። ሳይኮሲሱ ከመጣ በኋላ "ለካ ያ ጊዜ ይሄ ነበር" ይባላል እንጂ ከፊት ሆኖ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ለዛ ነው ሀኪሞች "ከፍተኛ ስጋት ላይ ያለ" ሚለውን ስም ሚጠቀሙት። አውስትራሊያ ሜልበርን ውስጥ የአእምሮ ሀኪሙ ፓትሪክ ማክጎሪና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) እንደዚህ አይነት ልጆችን ሚከታተል ክሊኒክ ከፍተው ነበር፣ ከዛ በኋላ በብዙ አገር ክትትል ተደርጓል፣ እና በሶስት አመት ውስጥ ወደ ሳይኮሲስ ሚገቡት በግምት ከአራት አንዱ ናቸው። አብዛኞቹ አይገቡም ማለት ነው። ግን "እንግዲያ እንተወው" አያስብልም፣ ከቀሩት ብዙዎቹ ድብርት ወይም ጭንቀት አለባቸውና እርዳታ ይፈልጋሉ። ትኩሳት በሽታው ምን እንደሆነ አይነግራችሁም፣ ግን ትኩሳት ያለበትን ልጅ ዝም ብላችሁ አታስተኙትም። ስለዚ ጎግል አርጋችሁ ስኪዞፍሬኒያ ነው ባይፖላር ነው እያላችሁ ስም አታውጡለት፣ ስም ማውጣቱ የናንተ ስራ አይደለም።

መቸኮሉ ለምንድን ነው? ሳይኮሲስ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ ራይዝ በተባለው ትልቅ ጥናት ከተካተቱት ሳይኮሲስ የጀመራቸው ሰዎች ግማሾቹ ህክምና ሳያገኙ ከ74 ሳምንት በላይ ቆይተው ነበር፣ አስቡት፣ አመት ከምናምን። መድሀኒት፣ የንግግር ህክምና (ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ሚደረግ ህክምና)፣ የቤተሰብ ትምህርትና የስራ ወይም የትምህርት ድጋፍ አንድ ላይ ሲሰጣቸው የበለጠ የተጠቀሙት ቶሎ የመጡት ናቸው።

ሀኪም ጋ መሄድ ማለት ወዲያው መድሀኒት ይጀመርለታል ማለት አይደለም፣ ብዙ ቤተሰብ ይሄን ፈርቶ ነው ሚዘገየው። ስጋት ብቻ ባለበት ደረጃ ላይ በቅድሚያ ሚመከረው የንግግር ህክምናና ክትትል ነው፣ የሳይኮሲስ መድሀኒት መጀመሪያ ላይ አይሰጥም። ሀኪሙ ሌላ ሰበብ እንዳለም ያያል፣ የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ሚጥል በሽታ፣ ሱስ አምጪ ነገር፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ራሱ አንጎልን ሲያጠቃ ተመሳሳይ ምልክት ይመጣል። ካናቢስ (ጋንጃ፣ ሀሺሽ ሚባለውን) ሚያጨስ ከሆነ ሳትደብቁ ተናገሩ፣ በተለይ ሀይለኛውን አይነት በየቀኑ መጠቀም ስጋቱን ከፍ ያደርገዋል።

ቤት ውስጥ ያለው ንግግር ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለውጥ ያመጣል። ታናሽ ወንድምህ ማታ መጥቶ "እነዛ ሰዎች ስለኔ እያወሩ መሰለኝ" አለህ እንበል። "አርፈህ ተኛ፣ ማንም ስላንተ አያወራም" ካልከው ሁለተኛ አይነግርህም፣ አለቀ። "አዎ እኔም ሰምቻለሁ" ማለት ደግሞ እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው። "እኔ አልሰማሁም፣ ግን እንደዛ ሲሰማህ እንደሚያስጨንቅህ ይገባኛል፣ መቼ መቼ ነው ሚብስብህ? እንቅልፍ ስታጣ ነው?" በለው። አልዋሸህም፣ አልተከራከርክም፣ ስለ እንቅልፍም ወሬ ከፈትክ። ሀኪም ጋ ለመሄድም በሩ ይሄ ነው፣ "አሞሃል፣ እንሂድ" ሲባል እምቢ ያለ ልጅ "እንቅልፍ አልወስድ ስላለህ እናሳየው" ሲባል ሊሄድ ይችላል። ስድብ፣ ወቀሳ፣ "አሰደብከን" ምናምን ግን ተዉት፣ ከ1950ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ለንደን ውስጥ ተመራማሪው ጆርጅ ብራውን ያስጀመራቸው ጥናቶች ከሆስፒታል የወጡ ታማሚዎች ነቀፋና ጭቅጭቅ ወዳለበት ቤት ሲመለሱ ህመሙ ቶሎ እንደሚያገረሽ አሳይተዋል። ይሄ ማለት ቤተሰብ ነው ያሳመመው ማለት አይደለም፣ እናት ላይ ሚወረወረው ጣት በጣም ያናድደኛል።

ራስን ማጥፋትን በተመለከተ ደግሞ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሀሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ አይከተውም፣ እንዲያውም ብዙዎቹ ጠያቂ በማግኘታቸው ቀለል ይላቸዋል። "መሞት እፈልጋለሁ" ካለ፣ ድምፁ እንዲህ አድርግ እያለ ካዘዘው፣ ወይም ለቀናት ካልበላና ካልተኛ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ የዛኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፣ እስከዛም ብቻውን አይቀመጥ፣ ቤት ያለ መድሀኒትም ስለት ነገርም ከአጠገቡ ይነሳ።

ድንገተኛ ካልሆነና ልጁ ጭራሽ አልሄድም ካለ እናንተ ብቻችሁን ሂዱና ሀኪሙን አማክሩ። መቼ ምን እንዳያችሁ ከነቀኑ ስልካችሁ ላይ እየፃፋችሁ ያዙ፣ "ከመጋቢት ጀምሮ ጓደኞቹን ማግኘት አቆመ፣ ሚያዝያ ላይ የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነ" ብላችሁ ስትነግሩት ከ"ተቀይሯል" የበለጠ ሚሰራበት ነገር ያገኛል።